ቀነሰ ወይስ ከሳ? ክብደት ሲወርድ ሽንት ለምን ያመልጣል

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ 24 ዓመቱ ሳለ፣ ለፋሲካ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ የጨዋታው ርዕስ እርሱ ነበር። ቦርጩ ጠፍቷል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ሱሪውን የያዘለት ቀበቶው ብቻ ነው። «ጎበዝ፣ እንዴት አድርገህ ቀነስክ?» ይሉታል። እርሱም ጾሙንና የጠዋት ሩጫውን ያነሳል። ሁለቱም ውሸት አልነበሩም። ለማንም ያልተናገረው ግን ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሳ፣ ከሥራ ሲመለስም የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ሁለት ጊዜ እንዳመለጠው ነው። በዚያ ሁሉ ሙገሳ መካከል አያታችን ብቻ ዶሮ ወጡን እያወጡ ቀና ብለው አዩትና «ይህ ልጅ ከሳ እንጂ አልቀነሰም» አሉ። ማንም አልሰማቸውም፤ እኔም ጭምር።

አማርኛ እዚህ ላይ ከብዙ የክሊኒክ መጠይቅ ይሻላል። «ቀነሰ» ስንል አድራጊው ሰውየው ነው፤ አስቦ፣ ተርቦ፣ ሮጦ ያወረደው ኪሎ አለ። «ከሳ» ስንል ግን ነገሩ የደረሰበት እርሱ ነው፤ ሥጋው ሳያስፈቅደው ሄዷል። ድሮ «ተስማምቶሃል» የሚባለው ሰው ሲወፍር ነበር። ዛሬ ምስጋናው ተገልብጦ የሚወደሰው የጎደለ ኪሎ ሆኗል፤ «ከሳህ» ማለትም እንደ ነውር ስለተቆጠረ ማንኛውም የወረደ ክብደት በደፈናው «መቀነስ» ይባላል። ወጣት ሰው ክብደቱ እየወረደ ሽንቱን መያዝ ሲያቅተው በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው የጠፋው ልዩነት ነው፤ ቀንሶ ነው ወይስ ከስቶ? መልሱ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ መንገዶች ላይ ያወጣል።

ደግነቱ አብዛኞቹ ቀናሾች ናቸው። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በቱሉ ዲምቱ አስፋልት ዳር የሚሮጡት፣ በየካ አባዶ ሕንጻዎች መካከል ገመድ የሚዘሉት፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አትሌቶቹን ከሩቅ እየተከተሉ የሚያለከልኩት ሁሉ በላባቸው ነው የሚያወርዱት። ከእነርሱ መካከል ጥቁር ሱሪ የሚመርጡት ለአለባበስ ብለው ያልሆኑ አሉ። ይህን የሚያውቁት ራሳቸው ብቻ ናቸው። በአገራችን ሽንት ማምለጥ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው እርጅና ወይም ፊስቱላ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ያከማቸው ዕውቀት ከፍተኛ ነው፤ ፊስቱላ ግን በተራዘመ ምጥ ምክንያት በፊኛና በሴት ብልት መካከል ቀዳዳ ተከፍቶ ሽንት ቀን ከሌት ያለማቋረጥ ሲወርድ ነው። ያልወለደች የ22 ዓመት ወጣት ገመድ ስትዘል ጠብ የሚልባት ሌላ ጉዳይ ነው። ሐፍረቱ ግን አንድ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ዝምታ ተሸፍነዋል።

ነገሩን ግራ የሚያጋባ የሚያደርገው ክብደት መቀነስ በራሱ የፊኛ ወዳጅ መሆኑ ነው። በሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ ፊኛን ከላይ ይጫነዋል፤ ሲቀንስ ጫናውም ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሽንት የሚያመልጣቸውንና ክብደታቸው ከፍ ያለ 338 ሴቶችን ለስድስት ወር ተከታትሎ ነበር። በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ክትትል የተደረገላቸው በአማካይ 8 በመቶ ክብደታቸውን ሲቀንሱ በሳምንት ውስጥ ሽንት የሚያመልጣቸው ጊዜ በ47 በመቶ ወረደ፤ ትምህርት ብቻ ለተሰጣቸው የወረደው በ28 በመቶ ነበር። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ የጫናው ነገር ግን በወጣትም ያው ነው። እንግዲህ ኪሎው ሲወርድ ሽንት ማምለጥ ከጀመረ ጥፋቱን ኪሎው ላይ ሳይሆን በመጣንበት መንገድ ላይ መፈለግ አለብን።

መንገዱ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እርጥብ ነው። ሰውነት ለክፉ ቀን ብሎ በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው ስኳር አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራና ዳቦ ድንገት ሲቀነስ ይህ ስንቅ ይፈታል፤ ውሃውም በሽንት ይወጣል። ስኳርን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ዝቅ ስለሚልም ኩላሊት ጨውና ውሃ ጨምሮ ያስወጣል። በአምስት ቀን ሁለት ኪሎ ጣልኩ ብሎ የሚደሰት ሰው ከጣለው አብዛኛው ሽንት ቤት የገባ ውሃ ነው። በዚህ ሰሞን ቶሎ ቶሎ መሽናት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ይረግባል። ካልረገበ ግን ሌላ ምክንያት አለው።

ከዚያ የመጠጡ ነገር ይመጣል። አሰልጣኙ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ጠጪ ብሏታል እንበል። መጠኑ ለሁሉም አንድ መሆኑ ራሱ አጠያያቂ ነው፤ ግን እንቀበለው። ይህች ልጅ ከኮዬ ተነስታ መሀል ከተማ ለመድረስ በሰልፍና በመንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። በመንገዷ ላይ ልትገባበት የምትደፍረው መጸዳጃ የለም፤ ስለዚህ ጠዋት አንድ ጉንጭ እንኳ አትጠጣም። ቢሮም እያለች የመመለሻውን ሰልፍ እያሰበች ትቆጥባለች። ማታ ቤቷ ስትገባ የቀኑን ዕዳ ለመክፈል ሁለት ሊትሩን በሁለት ሰዓት ትጨርሳለች። ሌሊቱን ስትመላለስ ታድራለች፤ ጠዋት «ፊኛዬን ብርድ መታው» ትላለች። ብርዱ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ሽንት መጨመሩ እውነት ነው። ዋናው ተጠያቂ ግን የታክሲ ሰልፉ ነው።

ይህ ሰልፍ ሌላም ክፉ ልማድ ያስተምራል። ከቤት ከመውጣታችን በፊት ሽንት ሳይመጣ «ለማንኛውም» ብለን እንገባለን፤ ከቢሮ ስንወጣ ደግሞ እንደገና። የጤናማ ሰው ፊኛ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሲሞላ የመጀመሪያውን ምልክት ይሰጣል፤ እስከ 400ና 500 ድረስም ያለ ጭንቀት ይይዛል። በየጊዜው ግማሽ ሳይሞላ እያፈሰስነው ስንኖር ግን ትንሹን መጠን እንደ ሙላት መቁጠር ይለምዳል፤ ጠብታ በገባ ቁጥር ይጮኻል። የዚህ መድኃኒት ማሠልጠን ነው። ስሜቱ ሲመጣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ማዘግየት፣ ሲለምድ ልዩነቱን ቀስ በቀስ ማራዘም፣ ውሃውንም በቀኑ ላይ አከፋፍሎ ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ማቆም ነው። ውሃ ጨርሶ መተው ግን ወጥመድ ነው፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም መንገድ ይከፍታል።

ቡናችንን ማንሳት ያስከፋል፤ ግን መነሳት አለበት። ምግብ የቀነሰ ሰው ረሃቡን የሚያታልለው በቡና ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሲያበቃ ቢሮ ደግሞ ማኪያቶ ይጠብቀዋል። ካፌይን ሽንት ያበዛል፤ የፊኛን ጡንቻም ያቁነጠንጣል፤ ያለውን አጣዳፊ ስሜት ይበልጥ አጣዳፊ ያደርጋል። አረንጓዴ ሻይም ካፌይን አለው። ከስፖርት በፊት የሚበጠበጡት የማነቃቂያ ዱቄቶች ደግሞ አንዳንዶቹ በአንድ ማንኪያ ከሁለት ስኒ ቡና የሚበልጥ ይይዛሉ፤ ይህ በተለይ ክብደት የሚያነሱ ወጣት ወንዶችን ይመለከታል።

«የማቅጠኛ ሻይ» የሚባለው ግን ከቡና ጋር በአንድ ረድፍ መቀመጥ የለበትም። ብዙዎቹ ሴና የተባለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው፤ የሚያስወጡት ውሃና ሰገራ እንጂ ስብ አይደለም። ከዚያ የባሰም አለ። ሲቡትራሚን የተባለው የምግብ ፍላጎት መቀነሻ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ከወጣ በኋላ «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ሳይጻፍ ተደባልቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ለልብና ለደም ግፊት ሕመምተኛ የሚታዘዘውን ላሲክስን የመሰለ የሽንት ማብዣ ክኒን ለሚዛን ብሎ የሚውጥም አለ። ይህ ሰው ሽንቱ ቢያመልጠው ፊኛው አልተበላሸም፤ ኩላሊቱ ታዝዞ ነው። ሰውነቱ የሚያጣው ፖታሲየም ግን የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል፤ ከእርጥብ ሱሪ የሚበልጠው ጣጣ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ዝላዩ። ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከሥር ደግፈው የያዙ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች አሉ። የጠፍር አልጋ የተኛበት ሰው በቀላሉ ይገባዋል፤ ጠፍሩ ሲወጠር የተኛውን ይሸከማል፣ ሲላላ መሀሉ ይሰረጉዳል። ስናስል፣ ስናስነጥስ፣ ስንዘልና ከባድ ነገር ስናነሳ የሆድ ግፊት ጠፍሩ ላይ ያርፋል። የወለደች ሴት ጠፍር ብዙ ፈተና አልፏል፤ ያልወለደችው ግን ነፃ ናት የሚለው እምነት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊድን በትራምፖሊን ዝላይ የሚወዳደሩ 35 ወጣት ሴቶች ተጠይቀው 28ቱ በልምምድ ላይ ሽንት እንደሚያመልጣቸው ተናግረዋል። አንዷም አልወለደችም። ጡንቻ ያላቸው፣ ቀጫጭን፣ ጤነኛ ስፖርተኞች ናቸው። ስለዚህ አልጋ ላይ የሚውል ሰው ድንገት ተነስቶ በመጀመሪያው ሳምንት 500 ገመድ ሲዘል ጠፍሩ ቢላላበት ምን ያስደንቃል?

በከተማዋ ዳርቻ ደግሞ ማንም አሰልጣኝ የማይቆጥረው ሌላ ክብደት ማንሳት አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ አራት ፎቅ መውጣት ማለት 20 ኪሎ እያነሱ፣ እስትንፋስን አፍነው፣ ሰባ ሰማንያ ደረጃ መውጣት ነው። አንዲት ጎረቤቴ ሽንት የሚያመልጣት አመጋገቧን ከቀየረች ወዲህ እንደሆነ ነገረችኝ። ስንቆጥረው ያመለጣት በጂም ቀናት ሳይሆን በጀሪካን ቀናት ነበር። ጀሪካኑን በሁለት የአሥር ሊትር መክፈል፣ ሲያነሱ እስትንፋስን ማውጣት፣ ከማንሳት በፊትም የዳሌ ወለሉን ጨምቆ መያዝ ትንሽ ዘዴ ትመስላለች፤ ግን ትሠራለች።

ጠፍር የሚጠበቀው በልምምድ ነው። አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ካስተዋወቀው ጀምሮ ዘዴው ብዙ አልተለወጠም። አየር እንዳያመልጠው እንደሚጠነቀቅ ሰው ከውስጥ ወደ ላይ መጨመቅ፣ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። ቢያንስ ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት ወር ያህል። መቀመጫንና ሆድን አብሮ መጨበጥ አይጠቅምም። ሽንት እየሸኑ መሀል ላይ እያቋረጡ መለማመድም አይመከርም። ጥሩነቱ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል፤ ማንም አያይም። ለወንዶችም ያገለግላል፤ ሽንታቸውን ጨርሰው ሱሪያቸውን ከቆለፉ በኋላ ጠብ ለሚልባቸውም ጭምር።

እጅግ የሚራቡትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በቀን አንድ ሰላጣ ብቻ እየበላች የምትውል ልጅ የምታጣው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ይሄዳል፣ የዳሌ ወለሉም ጡንቻ ነው። የወር አበባዋ ከቀረ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን መውረዱን ያመለክታል፤ እርሱ ሲወርድ የሽንት መውጫው ሽፋን ይሳሳል። ሆድ ድርቀት ይጨመራል፤ የሞላ አንጀት ፊኛን ይገፋል፤ ማማጡም ጠፍሩን ያላላል። እርግዝና ሳይኖር የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ የሽንቱን ነገር ትቶ ስለ ምግቡ ሐኪም ማነጋገር ይቅደም።

ይህ ሁሉ የቀነሱት ጉዳይ ነው፤ ያስቸግራል፣ ያሳፍራል፣ በአብዛኛው ግን አይገድልም። የከሱት ጉዳይ ሌላ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ፋሲካ ካለፈ በአምስተኛው ቀን ማስታወክ ጀመረው። ከጾም በኋላ ሥጋ የበላ ሰው ሆዱ ቢታመም ማን ይደነቃል? ጨጓራ ተባለ፤ የጨጓራ መድኃኒት ተገዛለት። በማግስቱ እስትንፋሱ እየረዘመና እየከበደ መጣ፤ አፉ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር። ሆስፒታል ሲደርስ የደም ስኳሩ ከ500 በላይ ነበር። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ነው። በልጅነት ብቻ የሚጀምር የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ በሃያዎቹም በሠላሳዎቹም ይጀምራል።

አሠራሩን አንዴ የተረዳ ሰው አይረሳውም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳር ወደ ሥጋ መግባት አቅቶት በደም ውስጥ ይከማቻል። መጠኑ በዴሲ ሊትር ወደ 180 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ወደ ሽንት ይለቀዋል፤ ስኳሩ ሲወጣ ውሃ ጎትቶ ይዞ ይወጣል። የጥንት ሕንዳውያን ሐኪሞች በሽታውን ያወቁት ጉንዳን በሚሰበሰብበት ሽንት ነበር። በቀን 100 ግራም ስኳር በሽንት የሚወጣበት ሰው 400 ኪሎ ካሎሪ አፍስሷል፤ ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሩጫ ልፋት ነው፣ ያለ ሩጫ። ለዚህ ነው እየበላ የሚከሳው። ይጠማዋል፤ በሩጫው ነው ብሎ ለስላሳ ይጠጣል፤ ለስላሳው ስኳሩን ይጨምራል፤ ሽንቱ ይበዛል። ፊኛው ጤነኛ ነው፤ ግን በየሰዓቱ የሚሞላ ፊኛ ያለው ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ቢያመልጠው አያስገርምም።

ሌላም ለእኛ ቅርብ የሆነ ዓይነት አለ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘና ቀጫጭን ወጣቶችን የሚይዝ የስኳር በሽታ በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲታወቅ ኖሯል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት አምስት» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ስኳር የወፍራምና የሀብታም በሽታ ነው የሚለው አባባል በዚህ አገር ስንት ሰው እንዳዘናጋ እግዚአብሔር ይወቀው።

ምርመራው ግን ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ነው። ጠዋት ሳይበሉ የተለካ 126ና ከዚያ በላይ፣ ወይም ጥማትና የሽንት ብዛት ባለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት የተለካ 200ና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ ስኳር መሆኑን ይጠቁማል። ዝርዝር ውስጥ ሳልገባ፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳል ያለው፣ ሌሊት የሚያልበው ከሲታ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ነቀርሳ ኩላሊትና ፊኛንም ያጠቃል። ልቡ የሚመታበት፣ ሙቀት የማይችል ሰው የእንቅርት ዕጢው ይታይ። ሲሸና የሚያቃጥለው ወይም ደም የሚያይ ሰው የሽንት ምርመራ ይደረግለት። ክብደት ሲያነሳ ወገቡን ያመመው ሰው ደግሞ በእግሮቹ መካከል ከደነዘዘው፣ እግሩ ከዛለበት ወይም ሽንት አልወጣ ካለው ነገ አይበል፤ የአከርካሪ ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ሐኪም ዘንድ ባዶ እጅ ከመሄድ ሦስት ቀን መመዝገብ ይጠቅማል። የጠጡትን፣ የሸኑትን በላስቲክ መለኪያ ለክቶ፣ ያመለጠበትን ሰዓትና ያን ጊዜ ምን ሲያደርጉ እንደነበር መጻፍ ነው። በቀን ከስምንት ጊዜ በላይ፣ ግን ጥቂት ጥቂት የሚሸና ሰው ችግሩ ፊኛው ወይም ልማዱ ይሆናል። በየጊዜው ብዙ፣ በቀን ከሦስት ሊትር በላይ የሚሸና ግን ችግሩ ከፊኛ በላይ ነው። ጎረቤቴ ይህን ወረቀት ይዛ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስኳሯም ተለካ፤ ደህና ነበር። አሁንም ገመድ ትዘላለች፤ ግን ውሃዋን ቀን ትጠጣለች፣ ጀሪካኑንም ለሁለት ከፍላለች።

የአክስቴ ልጅ ኢንሱሊኑን በቀን አራት ጊዜ ይወጋል። መብራት ሲጠፋ ማስቀመጫው ፍሪጅ ሳይሆን እርጥብ አሸዋ ያለበት ትንሽ ገንቦ ነው፤ የሰፈሩ ብርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን ይላል። ሌሊት አይነሳም። ያጣውን ዘጠኝ ኪሎ መልሷል፤ ጉንጩም ሞልቷል። ባለፈው ገና አያታችን ዘንድ ስንገባ ከበሩ ላይ አቁመው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ተስማምቶሃል» አሉት። አጠገባቸው የነበረች የአጎቴ ልጅ ግን «ምነው ወፈርክ?» አለችው፤ እርሱ መርፌውን ከኪሱ አውጥቶ አሳያትና ወደ ምግቡ ሄደ።